የማርሻል ቤት በእርግጥ ጠፍቷል? አምስት ወንድሞች፣ አምስት እኅቶች፣ አንድ ርስት

የጥያቄው ፍሬ ነገር ይህ ነው። ጠያቂያችን ስለ መካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ሲያነቡ ዊሊያም ማርሻል ከተባለው ታዋቂ ባላባት ይደርሳሉ። አንዱ ጽሑፍ ቤተሰቡ በ1245 እንደጠፋ ይናገራል፤ ሌላው ደግሞ የዛሬው የእንግሊዝ ንጉሥ ሳይቀር የእርሱ ዘር ነው ይላል። «የጠፋ ቤተሰብ እንዴት ዘር ይኖረዋል? ማዕረጉስ የት ገባ? በኢንተርኔት ያገኘኋቸው የዘር ሐረግ ሠንጠረዦችስ ለምን እርስ በርስ ይጋጫሉ?» ብለው ጠይቀዋል።

ሁለቱም ጽሑፎች ልክ ናቸው። የእንግሊዝ ዘር ቆጣሪ «ቤቱ ጠፋ» ሲል ከወንድ ወደ ወንድ የሚወርደው መስመር ተቋረጠ ማለቱ ነው፤ ደሙ ደረቀ ማለቱ አይደለም። በጎጃም ወይም በጎንደር ርስት ሲቆጠር የሰማ ሰው ይህ አነጋገር ግራ ቢያጋባው አልፈርድበትም። እዚያ ሰው በእናቱም ሆነ በአባቱ በኩል እስከ አቅኚው አባት ቆጥሮ ድርሻውን ይጠይቅ ነበር። በእንግሊዝ መኳንንት ዘንድ ግን ወንድ ልጅ ካለ በኩሩ ርስቱን ይጠቀልላል፤ ወንድ ከሌለ ሴቶቹ እኩል ይካፈላሉ። ያኔ መሬቱ ከእነርሱ ጋር ወደ ባሎቻቸው ቤት ይሄዳል፣ የአባታቸው ስም ግን መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የእነዚህን ሰዎች ሐረግ የሚከታተል ሁሉ ስሙን ትቶ መሬቱን ይከተል። የማርሻሎቹን ዋና ዋና ይዞታዎች፣ ፔምብሮክን፣ ቼፕስቶንና ኪልኬኒን ማን እንደያዘ ከጠየቁ ዘሩ የት እንደሄደ ራሱ ይነግርዎታል። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌአለሁ።)

ከስሙ ልጀምር። «ማርሻል» መጀመሪያ የሥራ ስም ነበር። ቃሉ ከጥንታዊ ጀርመንኛ የመጣ ሲሆን የፈረስ አገልጋይ ማለት ነው፤ በእኛ ቤተ መንግሥት ባልደራስ ከሚባለው ሹም ጋር ይቀራረባል። የዊሊያም አያት ጊልበርት በቀዳማዊ ሄንሪ ቤተ መንግሥት ይህን ሥራ ይዞ ነበር፤ ልጁ ጆን ወረሰው፤ ሥራው በዚያው የቤተሰብ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ነገር ግን ፈረስ ያለው ጌታ ሁሉ ማርሻል ነበረው። ዛሬ ይህን ስም የሚጠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች «የታላቁ ዊሊያም ዘር ነን» ሲሉ ከስሙ ሌላ ማስረጃ ማምጣት አለባቸው። እንዲያውም ከዊሊያም በቀጥታ በወንድ መስመር የሚወርድ ሕጋዊ ማርሻል የለም።

ጠያቂያችን ካገኟቸው ግጭቶች አንዱ እዚሁ አባቱ ዘንድ ይፈታል። አንዱ ሠንጠረዥ ዊሊያምን አራተኛ ልጅ፣ ሌላው ሁለተኛ ልጅ ያደርገዋል። አባቱ ጆን ሁለት ሚስት አግብቷል። ከመጀመሪያዋ ከአሊን ፒፓርድ ጊልበርትና ዋልተር ተወለዱ። እርሷን ፈትቶ የሶልዝበሪውን ባላባት የፓትሪክን እኅት ሲቢልን ሲያገባ፣ ጆን፣ ዊሊያም፣ አንሰልምና በኋላ የኤክሰተር ጳጳስ የሆነው ሄንሪ ተወለዱ። ስለዚህ ዊሊያም ለአባቱ አራተኛ፣ ለእናቱ ሁለተኛ ወንድ ልጅ ነው። ሁለተኛው ጋብቻ የፍቅር ጉዳይ አልነበረም፤ ከፓትሪክ ጋር የነበረውን ጠብ ማብረጃ ነበር። እንዲህ ያለው አባት በ1152 ኒውበሪ በተከበበች ጊዜ ትንሹን ዊሊያምን ለንጉሥ እስጢፋኖስ መያዣ ሰጠና ቃሉን አጠፈ። ንጉሡ ልጁን እሰቅለዋለሁ ሲል ጆን «የተሻሉ ልጆች የምቀጠቅጥበት መዶሻና መስፍ አለኝ» ብሎ መለሰ ይባላል። ንጉሡ ራርቶ ልጁን ተወው። ታሪኩን የምናገኘው ዊሊያም ከሞተ በኋላ ቤተሰቡ ካስጻፈው፣ ከ19,000 በላይ ስንኞች ካሉት የፈረንሳይኛ ግጥም ነው። ግጥሙ ባለቤቱን ለማወደስ የተጻፈ መሆኑን ሳልረሳ፣ ስለ ቤተሰቡ የያዘው ዕውቀት ግን ወደር የለውም እላለሁ።

ሦስቱም ታላላቅ ወንድሞቹ ቀድመውት ሞቱ፤ ዊሊያም ግን የሀብቱን ዋና ክፍል ያገኘው ከእነርሱ አይደለም። በ1189 ንጉሥ ሪቻርድ ኢዛቤል ደ ክሌርን ሚስት አድርጎ ሰጠው። እርሱ ወደ አርባ ሦስት፣ እርሷ ወደ አሥራ ሰባት ዓመት ገደማ ነበሩ። ኢዛቤል «ስትሮንግቦ» በሚል ቅጽል የሚታወቀው የሪቻርድ ደ ክሌርና የአየርላንዱ ሌንስተር ንጉሥ የደርሞት ማክመሮ ልጅ የኢፋ ልጅ ናት። ወንድሟ ጊልበርት ለአካለ መጠን ሳይደርስ ስለሞተ በዌልስ ድንበር ቼፕስቶን፣ በአየርላንድ ሌንስተርን ከነሙሉ ስፋቷ፣ በፔምብሮክም ላይ የአባቷን ይገባኛል ጥያቄ ይዛ መጣች። ዊሊያም በ1199 የፔምብሮክ ኧርል (ከመስፍን በታች ያለ የእንግሊዝ መኳንንት ማዕረግ ነው) ተባለ። ስለ ጦረኝነቱ ብዙ ተጽፏል፤ ቤቱን ያቆመው ግን የሚስቱ ርስት ነው። በሴት ውርስ የተነሣው ቤት ከሃምሳ ስድስት ዓመት በኋላ በሴቶች ውርስ ተበተነ።

በ1216 ንጉሥ ጆን ሲሞት ሣልሳዊ ሄንሪ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፤ ዊሊያም እንደራሴ ሆኖ አገሩን ያዘ። በግንቦት 1217 ሰባ ዓመት ገደማ ሆኖት ሊንከን ላይ ራሱ ተዋግቶ የፈረንሳዩን ልዑል የሉዊን ወገን ድል መታ። በግንቦት 14 ቀን 1219 ሞተ፤ ለንደን በሚገኘው የቴምፕል ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። አምስት ወንዶችና አምስት ሴቶች ልጆች ነበሩት። አምስት ወንድ ልጅ ያለው ሰው ቤቱ ይጠፋል ብሎ የሚሰጋበት ምን ምክንያት አለ?

በኩሩ ዊሊያም በ1224 የንጉሡን እኅት ኤሊኖርን አገባ፤ ሙሽራዋ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። በ1231 ሲሞት እርሷ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ነበረች፤ ልጅ አልነበራቸውም። ሁለተኛው ሪቻርድ ከንጉሡ አማካሪዎች ጋር ተጣልቶ ሸፈተ፤ በሚያዝያ 1234 አየርላንድ ውስጥ በኪልዴር ሜዳ ቆስሎ ከሁለት ሳምንት በኋላ ኪልኬኒ ላይ ሞተ። ሦስተኛው ጊልበርት ለክህነት የታሰበ ነበር፤ ወንድሙ ሲሞት ያን ትቶ ኧርል ሆነ፣ የስኮትላንድ ንጉሥ ልጅም አገባ። በሰኔ 1241 ኸርትፎርድ አጠገብ በፈረስ ውጊያ ጨዋታ ልጓሙ ተበጥሶ ከፈረሱ ወደቀና ሞተ። ከጋብቻ ውጭ የወለዳት ኢዛቤል የተባለች ልጅ ለአንድ የዌልስ መስፍን ተድራለች፤ በሕጉ ግን እንዲህ ያለ ልጅ ስለማይወርስ ከርስቱ አልደረሳትም። አራተኛው ዋልተር በኅዳር 1245 ጉድሪች ግንብ ውስጥ አረፈ። የመጨረሻው አንሰልም አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ በታኅሣሥ ቼፕስቶ ላይ ተከተለው፤ በኧርልነት ለመሾም እንኳ አልደረሰም። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ አምስት ወንድማማቾች፣ አንድም ሕጋዊ ልጅ ሳይተርፍ!

በዘመኑ የነበረው የመነኩሴ ታሪክ ጸሐፊ ማቲው ፓሪስ ምክንያቱን እርግማን ያደርገዋል። ታላቁ ዊሊያም በአየርላንድ የፈርንስን ጳጳስ ሁለት የመሬት ይዞታ ነጥቆ ነበር፤ ጳጳሱ ለንደን ድረስ መጥቶ ልጆቹ እንዲመልሱለት ቢጠይቅ እምቢ አሉት፤ እርሱም «ስማችሁ በአንድ ትውልድ ይጥፋ» ብሎ ረገመ ይላል። መሬቱ እውነት ነው፣ ጠቡም እውነት ነው። እርግማኑ ግን በዚህ መልኩ የተጻፈው ከደረሰ በኋላ ነው፤ ካለፈ በኋላ የሚጻፍ ትንቢት ደግሞ ስቶ አያውቅም። እኔ የማየው የሙሽሮቹን ዕድሜና በጦርነትና በጨዋታ የተቀጠፉትን ሰዎች ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ሴቶቹ እንምጣ። በ1247 ርስቱ ሲከፈል ከአምስቱ እኅቶች በሕይወት የነበረችው ትልቋ ሞድ ብቻ ናት። የሌሎቹን ድርሻ ልጆቻቸው ወሰዱ።

ሞድ የኖርፎክ ኧርል የሂዩ ቢጎድ ሚስት ነበረች፤ እርሱ ሲሞት የሰሪ (Surrey) ኧርል ዊሊያም ደ ዋረንን አገባች። ትልቋ ስለሆነች የማርሻልነቱ ሹመት ምልክት የሆነው በትር ለእርሷ ተሰጠ፣ ከእርሷም ወደ ልጇ ሮጀር ቢጎድ አለፈ። ከመሬቱ ቼፕስቶና በአየርላንድ ካርሎ ደረሷት። ሁለተኛዋ ኢዛቤል የግሎስተር ኧርል ጊልበርት ደ ክሌርን፣ ቀጥሎም የንጉሡን ወንድም የኮርንዎሉን ሪቻርድ አግብታ ነበር፤ ኪልኬኒ ለልጇ ለሪቻርድ ደ ክሌር ሆነ። ትንሿ ጆአን ዋሪን ደ ሙንቼንሲን አግብታ ወልዳ ነበር፤ ስሟን የወረሰችው ልጇ በ1247 የንጉሡን የእናት ልጅ ዊሊያም ደ ቫለንስን አገባችና ፔምብሮክን፣ ጉድሪችንና ዌክስፎርድን ይዛለት ገባች። ከዚህ በኋላ የፔምብሮክ ጌቶች ቫለንስ የሚባሉት ለዚህ ነው። አንባቢ «አዲስ ቤተሰብ መጣ» ይላል፤ ግንቡ ግን ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ነው የተላለፈው።

ሲቢል የደርቢውን ኧርል ዊሊያም ደ ፌረርስን አግብታ ሰባት ሴቶች ወለደች። አንድም ወንድ የለም። ስለዚህ የሲቢል አምስተኛ ድርሻ እንደገና ለሰባት ተከፈለ፤ እያንዳንዷ ከጠቅላላው ርስት አንድ ሠላሳ አምስተኛ ደረሳት። ኪልዴር ወደ ሰባት እጅ ተበጣጠሰች። ዳኞቹ ሰባቱን እኅቶችና ባሎቻቸውን እየቆጠሩ ሲጽፉ ምን ያህል ቀለም እንደፈሰሰ መገመት ነው። ለእኛ ግን ይህ በረከት ሆነልን። የእንግሊዝ መንግሥት አንድ ባለርስት ሲሞት የአካባቢው ሰዎች ምለው «ሟች ምን ያዘ? ወራሹ ማን ነው? ዕድሜው ስንት ነው?» ለሚለው መልስ እንዲሰጡ የሚያደርግበት የምርመራ ሥርዓት ነበረው፤ መዝገቦቹ ዛሬ ለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ መዝገብ ቤት አሉ። ወንድ ወራሽ ያለው ቤት እኅቶቹን ከነጭራሹ ሳይጠቅስ ያልፍ ይሆናል። የማርሻል ሴቶች በስም የታወቁት ወንድሞቻቸው ያለ ልጅ ስለሞቱ ነው።

ከእኅቶቹ የቀረችውን ኢቫን ለመጨረሻ ያቆየሁት ታሪኳ ስለሚበልጥብኝ ነው። ባሏ ዊሊያም ደ ብሬውዝ በዌልሱ ታላቅ መስፍን በሉዌሊን እጅ ተማርኮ ነበር፤ በካሣ ከተለቀቀ በኋላ ተመልሶ እንግዳ ሆኖ ሄደና በመስፍኑ ሚስት በጆአን ክፍል ተገኘ። ሉዌሊን በግንቦት 1230 በአደባባይ ሰቀለው። ከዚያ በፊት ግን የብሬውዝ ልጅ ኢዛቤላ ለሉዌሊን ልጅ ለዳቪድ ታጭታ ነበር። መስፍኑ አባትየውን ከሰቀለ በኋላም ጋብቻው አልፈረሰም፤ ልጅቱ አባቷን ወደ ሰቀለው ቤት ሙሽራ ሆና ገባች! ልጅ ሳትወልድ ስለሞተች የኢቫ ድርሻ ለቀሩት ሦስት እኅቶቿ ሆነ፦ ሮጀር ሞርቲመርን ላገባችው ሞድ፣ ካንቲሉፕን ላገባችው ኢቫ፣ ሃምፍሪ ደ ቡንን ላገባችው ኤሊኖር።

ይህች ሞድ ሞርቲመር በታሪክ የምትታወቀው በአንድ ዘግናኝ ስጦታ ነው። በነሐሴ 1265 ሲሞን ደ ሞንትፎርት ኢቭሻም ላይ ሲገደል ራሱ ተቆርጦ ወደ እርሷ ወደ ዊግሞር ግንብ ተላከ። የሞንትፎርት ሚስት ማን ነበረች? ያቺው በልጅነቷ የታናሹ ዊሊያም ማርሻል ሚስት የነበረችው የንጉሡ እኅት ኤሊኖር ናት። የሞድ አጎት ባልቴት ማለት ነው። ኤሊኖር ከመጀመሪያ ባሏ ርስት የሚገባትን የባልቴት ድርሻ ለማስከበር ዓመታት ስትከራከር ኖራለች፤ ሁለተኛ ባሏ ከንጉሡ ጋር ከተጣላባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ገንዘብ ነበር። ባልቴት ከባሏ መሬት ሲሶውን እስክትሞት ትይዛለች። በ1247 በዚህ አንድ ርስት ላይ ሦስት ወንድማማቾች የተዋቸው ባልቴቶች ተቀምጠውበት ነበር፤ አሥራ ሦስቱ ወራሾች የተካፈሉት ባልቴቶቹ የተዉትን ነው።

ሠንጠረዦቹ የሚሳሳቱበት ዋናው ቦታ ደግሞ ኩዊንሲ በሚባለው ቤተሰብ ላይ ነው። ሁለት ማርጋሬት ደ ኩዊንሲዎች አሉ፤ አባቶቻቸው ወንድማማቾች ናቸው። አንዷ የሮበርት ልጅ ናት፤ እርሷ ዋልተር ማርሻልን ያገባችው ባልቴት ናት። ሌላዋ የዊንቸስተሩ ኧርል የሮጀር ልጅ ናት፤ እርሷ ደግሞ ሲቢል ማርሻል ከሞተች በኋላ ዊሊያም ደ ፌረርስን አገባች። ሁለቱን አንድ ሰው ያደረገ ሠንጠረዥ ካዩ የቀረውንም አይመኑት። ሮጀር ራሱ ከሁሉ ይብሳል። ሁለተኛ ሚስቱ የአንሰልም ማርሻል ባልቴት ሞድ ደ ቡን ነበረች። እርሷ በ1252 ስትሞት የሲቢልን ልጅ ኤሊኖር ደ ፌረርስን አገባ። የኤሊኖር የእንጀራ እናት የሮጀር ልጅ ማርጋሬት ስለነበረች፣ ኤሊኖር ለእንጀራ እናቷ የእንጀራ እናት ሆነች። ይህ የኮምፒውተር ስሕተት አይደለም፤ እንዲህ ነው የተጋቡት። የዘር ሐረግ ፕሮግራምዎ ቀይ ምልክት ቢያሳይዎት ዝም ብለው ይለፉት።

የሚያምታቱት ኢዛቤሎችም ሦስት ናቸው፦ ሚስትየዋ ኢዛቤል ደ ክሌር፣ ልጇ ኢዛቤል ማርሻል፣ እና የልጅ ልጇ ሌላዋ ኢዛቤል ደ ክሌር። አያትና የልጅ ልጅ በስማቸው አንድ ስለሆኑ ብዙ ሰው መካከለኛዋን ይዘልላትና አንድ ትውልድ ይጎድልበታል። ምክንያቱ ደግሞ ኢዛቤል ማርሻል ያገባችው የእናቷን ዘመድ ስለነበረ ነው። ጊልበርትና ኢዛቤል በ1217 ሲጋቡ እርሱም እርሷም አራት ትውልድ ወደ ላይ ቢቆጥሩ በ1117 ከሞተው ከጊልበርት ፊትዝ ሪቻርድ ላይ ይገናኛሉ። ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚያገባ ኢትዮጵያዊ እዚህ ላይ ፊቱን ያዞራል። የሚገርመው የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያንም ቀድሞ ሰባት ነበር የምትቆጥረው፤ በ1215 በላተራን ጉባኤ ወደ አራት ያወረደችው መኳንንቱ ዘመድ ያልሆነ ስላጡ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። እነዚህ ሁለቱ ግን ከአዲሱ ከአራቱም ውስጥ ናቸው።

ሦስተኛዋ ኢዛቤል ሮበርት ብሩስን አገባች፤ የልጅ ልጇ እንግሊዞችን በ1314 ባኖክበርን ላይ ያሸነፈው የስኮትላንድ ንጉሥ ቀዳማዊ ሮበርት ነው። የእንግሊዝን ዙፋን ከወራሪ ያዳነው የዊሊያም ማርሻል ዘር ከአራት ትውልድ በኋላ የእንግሊዝን ሠራዊት ድል መታ ማለት ነው።

ወደ እንግሊዝ ነገሥታት የሚያደርሰው መንገድ አንድ አይደለም፤ በቀላሉ የሚረጋገጠውን ልስጥዎ። ከኢቫ ወደ ሞድ፣ ከሞድ ወደ ኤድመንድ ሞርቲመር፣ ከእርሱም የንግሥት ኢዛቤላ ውሽማ ወደነበረውና በ1330 ወደተሰቀለው ሮጀር። ከዚያ ኤድመንድ፣ ሮጀር፣ ኤድመንድ፣ ሮጀር እየተባለ አራት ትውልድ ይወርዳል (ስም ማውጣት የሰለቻቸው ይመስላል)። የመጨረሻው ሮጀር ልጅ አን የዮርኩን መስፍን ሪቻርድን ወለደች፤ እርሱም ራብዓዊ ኤድዋርድን። የኤድዋርድ ልጅ ኤልሳቤጥ ሳብዓዊ ሄንሪን ስላገባች ከ1509 ወዲህ የነገሠ ሁሉ በዚህ መስመር ይመጣል። የዮርኮች ተቀናቃኝ የነበሩት ላንካስተሮቹም አልቀሩም፤ ራብዓዊ ሄንሪ በእናቱ በብላንች በኩል ከሞድ ማርሻል ይወርዳል።

የቀረው የማዕረጉ ጉዳይ ነው። ኧርልነት እንደ መሬት ስለማይቆራረጥ የማርሻሎቹ ኧርልነት ከአንሰልም ጋር አበቃ፤ የቫለንስ ቤት ፔምብሮክን ይዞ ማዕረጉን በኋላ ነው ያገኘው፤ እርሱም በ1324 አይመር ያለ ልጅ ሲሞት ተቋረጠ። ማርሻልነቱ ግን ዕድለኛ ነበር። ከቢጎዶቹ የመጨረሻው ልጅ ስላልነበረው በ1302 ለቀዳማዊ ኤድዋርድ አስረከበ፤ በኋላም የንጉሡ ልጅ ዳግማዊ ኤድዋርድ ለአባቱ ልጅ ለብራዘርተኑ ቶማስ ሰጠው፤ ከዚያም በሞውብሬዎች በኩል ወደ ሃዋርድ ቤት፣ ማለትም ወደ ዛሬዎቹ የኖርፎክ መስፍኖች ደረሰ። ሃዋርዶች ደግሞ በሞውብሬ እናታቸው በላንካስተሯ ጆአን በኩል የሞድ ማርሻል ዘሮች ናቸው። በግንቦት 6 ቀን 2023 ሣልሳዊ ቻርልስ ዘውድ ሲጭን ሥርዓቱን የመራው የኖርፎክ መስፍን በማርሻልነቱ ነው። በዚያ ቀን ዘውድ የደፋው የኢቫ ዘር፣ በትሩን የያዘው የሞድ ዘር ነበር።